የሕፃን ቃልና የጠያቂው እጅ

ፍትሕ በማንኛውም ኅብረተሰብ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በሰው ቃል ላይ ነው። ሰነድ ሊጠፋ፣ ምልክት ሊደበዝዝ፣ ደም ሊታጠብ ይችላል፤ ያየና የደረሰበት ሰው ግን ቆሞ ይናገራል። ቋንቋችንም ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ምስክሩ «ቃሉን ሰጠ» እንላለን፤ መርማሪው ደግሞ «ቃሉን ተቀበለ» ይባላል። መስጠትና መቀበል በሁለት ሰዎች መካከል የሚካሄድ ነገር ነው፤ ሰጪ ብቻውን አይሰጥም፣ ተቀባይም ያልተሰጠውን ሊወስድ አይገባውም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ቃል ሰጪው የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ሕፃን፣ የደረሰበትም ነገር ስሙን እንኳ የማያውቀው በደል በሆነ ጊዜ፣ ቃሉን የተቀበለው ሰውም በምስልና በድምፅ መቅረጫ ቀርጾ ባስቀመጠው ጊዜ፣ ያ ቅጂ በችሎት ፊት የሕፃኑን ቦታ ሊይዝ ይገባዋልን?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ፈጣን መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው ወገን «ሕፃን አይዋሽም፤ ምስሉ በቂ ነው፤ ልጁን ዳግመኛ አታሠቃዩት» ይላል። ሁለተኛው ወገን «መሣሪያ አይማልም፤ ፊት ለፊት ቀርቦ ያልተጠየቀ ምስክር ምስክር አይባልም» ሲል ይከራከራል። ሁለቱም የእውነት ቁራጭ ይዘዋል። ሁለቱም ግን አንድ ሦስተኛ ሰው ዘንግተዋል፤ ይኸውም ከካሜራው ጎን ተቀምጦ የሚጠይቀው ዐዋቂ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው፦ የተቀረጸው ቃል በቅድሚያ የሚመሰክረው ስለ ሕፃኑ ሳይሆን ስለ ጠያቂው ነው። ስለሆነም ቅጂው በችሎት ሊታመን የሚገባው ጠያቂው ራሱ ሊመረመር በቻለበት መጠን ብቻ ነው።

ጉዳዩ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ነገሩን ደግሞ ደጋግሞ ያስብበት። የሕፃኑን ቃል ከዳኛው አስቀድሞ የሚሰማው ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው። በቀበሌና በመንደር ኀላፊነት የተሰጠው ሰው ነገሩ ወደ ሕግ እንዲሄድ ወይም በጓዳ እንዲቀር የማድረግ ዕድል በእጁ ነው። የኪነ ጥበብ ሰው ደግሞ ምስል እንዴት እንደሚሠራ፣ አንድ ዓይነት እንባ ከየት አቅጣጫ ሲታይ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ጥያቄው የሁላችንም ነው።

፩. ያንኑ ቁስል ስንት ጊዜ?

በደል የደረሰበት ሕፃን ነገሩን የሚናገረው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ለእናቱ ወይም ለአያቱ ይናገራል፤ እናት ጎረቤት ትጠራለች፤ ጎረቤትም በጆሮዋ መስማት ትፈልጋለች። ቀጥሎ መምህሩ ይጠይቀዋል፣ የጤና ባለሙያው ይጠይቀዋል፣ ፖሊስ ይጠይቀዋል፣ ዐቃቤ ሕግ ይጠይቀዋል። በመጨረሻም ወራት ምናልባትም ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የማያውቃቸው ሰዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ በዳዩ በተቀመጠበት ፊት፣ ቆሞ እንዲናገር ይደረጋል። ቁስሉ ሊያገግም በሚሞክርበት ቁጥር ይቀደዳል። ጉዳቱ ግን በስሜቱ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። የሕፃን ትዝታ ከዐዋቂ ትዝታ ይልቅ ፈጥኖ ይደበዝዛል፤ በደበዘዘውም ቦታ ሌሎች የነገሩት ነገር ይገባበታል። ችሎቱ ላይ የሚቆመው ምስክር በደሉን ካየው ልጅ አንድ ዓመት የራቀ ሌላ ልጅ ነው።

ከዚህ ጋር የቆየ ንቀት አለ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው አባባል የሚሠራው ለሊጥ ብቻ አይደለም፤ ለቃሉም ጭምር ሲሠራ ኖሯል። ንቀቱም የእኛ ብቻ አልነበረም። የእንግሊዝ ሕግ ሳይምል የመሰከረ ሕፃን ቃል ሌላ ደጋፊ ማስረጃ ካልተገኘለት በቀር ለጥፋተኝነት ውሳኔ እንዳይበቃ ሲከለክል ቆይቶ፣ ክልከላው የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በሕፃን ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ በደል በባሕርዩ ሌላ ዓይን በሌለበት የሚፈጸም በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ሕግ ሳያስበው ለበዳዩ ምክር ሰጥቶታል፤ ሌላ ሰው እንዳያይህ ብቻ ተጠንቀቅ ብሎታል።

ቃሉን አስቀድሞ ተቀብሎ የማቆየት ሐሳብ የመነጨው ከዚህ ችግር ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣችው ሕግ፣ በሥነ ምግባር ወንጀሎች ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለዚሁ የተሾመ የሕፃናት መርማሪ ካልፈቀደ በቀር በችሎት እንዳይመሰክር ከለከለች። መርማሪው ልጁን ያነጋግራል፤ በልጁ ፈንታም እርሱ ቀርቦ የሰማውን ይናገራል። ሆኖም በዚህ ዐይነት ቃል ብቻ ማንም እንዳይፈረድበት ሕጉ ሌላ ደጋፊ ማስረጃ እንዲኖር አስገድዷል። ሕጉ ሁለት አደራ በአንድነት ለመሸከም የሞከረ ነበር፤ ልጁን ከችሎት አዳነ፣ ተከሳሹንም ከአንድ መርማሪ ጆሮ ፈቃድ አዳነ።

የቪዲዮ መቅረጫ በየመሥሪያ ቤቱ በገባ ጊዜ ነገሩ መልኩን ለወጠ። በእንግሊዝ አገር በዳኛ ቶማስ ፒጎት የተመራው አማካሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 ባቀረበው ዘገባ፣ የልጁ የመጀመሪያ ቃል ተቀርጾ በማስረጃነት እንዲቀርብ፣ የተከሳሽ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄም ከዋናው ችሎት አስቀድሞ ተካሂዶ እንዲቀረጽ፣ ልጁም ከዚያ በኋላ ወደ ኑሮው እንዲመለስ ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሕግ ግን የተቀበለው የሐሳቡን እኩሌታ ነበር። የመጀመሪያው ቃል ይቀረጻል፤ ልጁ ግን ለመስቀለኛ ጥያቄ የችሎቱን ቀን መጠበቅ አለበት። ከዳር ያደረሱትን ልጅ መልሰው ወደ ወንዙ ገፉት ማለት ነው። ሁለተኛው እኩሌታ እ.ኤ.አ. በ1999 በሕግ ቢጻፍም በሥራ ላይ መሞከር የጀመረው ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከዚህ የምንረዳው መሣሪያው በአንድ ቀን የሚገዛ መሆኑን፣ ሕፃንን የማክበር ልማድ ግን በትውልድ የሚገነባ መሆኑን ነው።

፪. መልሱን ከጥያቄው ውስጥ ማግኘት

ታዲያ ቅጂው ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆነ ጥርጣሬው ከየት መጣ? መልሱ የሚገኘው እጅግ መልካም ሐሳብ የነበራቸው ሰዎች ባደረሱት ጥፋት ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ አካባቢ በምትገኝ ማንሃተን ቢች በተባለች ከተማ፣ ማክማርቲን በተባለ መዋዕለ ሕፃናት ላይ ከባድ ክስ ተነሣ። የከተማዋ ፖሊስ ለሁለት መቶ ያህል ወላጆች ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው የተጠርጣሪውን ስም ጠቅሶ፣ ተፈጽሞ ሊሆን ይችላል የተባለውንም ድርጊት ዘርዝሮ፣ ልጆቻችሁን ጠይቁ የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ሕፃናት በካሜራ ፊት ተጠየቁ። ጠያቂዎቹ አሻንጉሊት ይዘው፣ ሌሎች ልጆች «አስቀድመው ተናግረዋል» እያሉ፣ «አልሆነም» ያለውን ልጅ እያግባቡ፣ «ሆነ» ያለውን እያሞገሱ ነበር። ጉዳዩ በአሜሪካ ታሪክ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ተወዳዳሪ ያልነበረው ረጅም የወንጀል ክርክር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድም ሰው ጥፋተኛ ሳይባል ተዘጋ። ከተከሳሾቹ አንዱ ሳይፈረድበት አምስት ዓመት ታስሯል። ከፍርዱ በኋላ በሸንጎው ከተቀመጡት የሕዝብ ዳኞች አንዳንዶቹ ቅጂዎቹን አይተው ልጆቹ የራሳቸውን ይናገሩ ወይም የተነገራቸውን ይመልሱ መለየት እንዳቃታቸው ገልጸዋል።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነገር አለ። ያን ስሕተት ያጋለጠው ራሱ ቅጂው ነው። ካሜራ ባይኖር ኖሮ በሸንጎው ፊት የሚቀርበው የጠያቂዋ ሪፖርት ብቻ ይሆን ነበር፤ «ልጁ ነገረኝ» ብላ ትጽፋለች፣ ነገሩም ያልቃል። በኒው ጀርሲ ግዛት በሌላ መዋዕለ ሕፃናት የተነሣው ክስ ይህን ያስረዳል። በዚያ ጉዳይ አንዲት ወጣት መምህርት እ.ኤ.አ. በ1988 ጥፋተኛ ተብላ 47 ዓመት እስራት ተፈረደባት። አምስት ዓመት ከታሰረች በኋላ ፍርዱ ተሻረ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1994 በሰጠው ውሳኔ ልጆቹ የተጠየቁበት መንገድ ቃላቸውን ሊያበላሽ የሚችል መሆኑን አስረድቶ፣ የመጀመሪያዎቹ ንግግሮች አለመቀረጻቸውን ከጉድለቶቹ አንዱ አድርጎ ቆጠረው። የመጀመሪያው ቃል ከጠፋ በኋላ የሚቀረጸው ሁሉ የአስተጋባው ድምፅ እንጂ የጠራው ድምፅ አይደለም።

ሕፃን በእንዲህ ያለ ጥያቄ ፊት ለምን ይረታል? ዋሾ ስለሆነ አይደለም። ለመምህራን ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። በክፍል ውስጥ መምህር አንድን ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ የሚደግመው መቼ ነው? የመጀመሪያው መልስ ስሕተት በሆነ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ «ነካህ ወይ?» ተብሎ «የለም» ካለ በኋላ ጥያቄው ከተደገመለት፣ ተሳሳትክ መባሉን ተረድቶ መልሱን ይለውጣል። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ልጅ ለታላቁ እንዳይመልስ፣ ዐዋቂ የተናገረውን እንዳያፈርስ፣ ዓይኑን ሰብሮ «እሺ» እንዲል ተደርጎ ያድጋል። «አዎ» ማለቱ ብዙ ጊዜ ጨዋነቱን እንጂ እውነቱን አያመለክትም። ያንኑ ጨዋነት መጀመሪያ በዳዩ ተጠቅሞበታል፤ ዝም በል ሲለው ዝም ብሏልና። ጠያቂውም ተናገር ሲለው ጠያቂው የሚፈልገውን ከተናገረ፣ ልጁ ሁለት ጊዜ ታዘዘ እንጂ አንድ ጊዜም አልተደመጠም።

የሥነ ልቡና ሊቃውንትም ይህን በተግባር አይተውታል። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ገና እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተመው መጽሐፍ የጥያቄው አቀራረብ የልጁን መልስ እንዴት እንደሚቀርጽ አሳይቷል። በ1990ዎቹ ዓመታት ደግሞ በአሜሪካ ስቲቨን ሴሲና ባልደረባው አንድ ቀላል ሙከራ አደረጉ። አንድ እንግዳ ሰው ወደ ሕፃናት ክፍል ገብቶ ሰላምታ ሰጥቶ ምንም ሳይነካ ወጣ። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ዕቃ ሰባሪ መሆኑ ሲወራላቸው፣ ከሄደም በኋላ ለሳምንታት በመሪ ጥያቄ ሲጠየቁ ከቆዩት የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናት መካከል፣ ከግማሽ የሚበልጡት ኋላ በተጠየቁ ጊዜ መጽሐፉን የቀደደው፣ አሻንጉሊቱን ያበላሸው እርሱ ነው አሉ። ምንም ሳይወራላቸው ገለልተኛ በሆነ ሁኔታ የተጠየቁት ሕፃናት ግን በአብዛኛው እንደዚያ አላሉም። እነዚህ ሁለት ውጤቶች ተለያይተው መነበብ የለባቸውም። የመጀመሪያው ብቻ ሲነበብ ሕፃን አይታመንም ያሰኛል። ሁለቱ በአንድነት ሲነበቡ ግን የሚሉት ሌላ ነው፤ በአግባቡ የተጠየቀ ሕፃን ይታመናል፣ የማይታመነው አጠያየቁ ነው።

፫. የጥንቱ ሌባ ሻይ

ይህ ትምህርት ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ አይምሰለን። የራሳችን ታሪክ ከማንኛውም የላብራቶሪ ሙከራ የበለጠ ምሳሌ አስቀርቶልናል። በድሮው ሥርዐት ሌባ ሲጠፋ ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ለጋ ልጅ መድኀኒት የተበጠበጠበት መጠጥ ይጠጣል፤ ራሱን ሲስት በወገቡ በታሰረ መቀነት ተይዞ በመንደር ውስጥ ይለቀቃል፤ ሌባ ሻዩና ባለንብረቱ ይከተሉታል። ልጁ ተንገዳግዶ የገባበትና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ዕዳውን ይከፍላል፣ ይታሰራል።

ሕዝቡ ልጁን ያመነው ለምን ነበር? ንጹሕ ስለሆነ፣ ተንኮል ስለማያውቅ፣ ወገን ስለሌለው ነው። ሕፃን አይዋሽም ማለት እንግዲህ ይህ ነበር። ግን መጠጡን የበጠበጠው፣ መቀነቱን የያዘው፣ በየትኛው መንገድ እንዲሄድ ገመዱን ያላላውና ያጠበቀው ዐዋቂ ነው። የልጁ ንጽሕና የዐዋቂው ፈቃድ መሸፈኛ ሆነ። በዚህ ሥርዐት ሁለት ሰዎች ተበድለዋል፤ ያልሰረቀ የተቀጣ ሰው አንዱ ነው፣ ሁለተኛው ያለ ፈቃዱ የሰው ቤት ማፍረሻ የተደረገው ልጅ ነው። ዘመናዊው ሕግ ሌባ ሻይን ያስቀረው ትክክል ነበር።

በመሪ ጥያቄ የተሞላ ቅጂ ከሌባ ሻይ የሚለየው መጠጡ በቃል መተካቱ ብቻ ነው። ልዩነት ሊኖረው የሚችለው አንድ ነገር ሲሟላ ነው፤ መቀነቱን የያዘው እጅ በምስሉ ላይ ሲታይ።

፬. ካሜራው የት ቆመ?

ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚቀጥለው ነጥብ ቅርባቸው ነው። ምስል ተሠሪ ነገር ነው። ካሜራው የሚቆምበት ቦታ፣ የሚጀምርበትና የሚያቆምበት ሰዓት ሁሉ ምርጫ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዳንኤል ላሲተር ከ1980ዎቹ ጀምሮ በእምነት ቃል ቅጂዎች ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ ካሜራው በተጠርጣሪው ፊት ላይ ብቻ ሲያነጣጥር ተመልካቹ ቃሉ በፈቃድ የተሰጠ ነው ወደ ማለት እንደሚያዘነብል፣ ተጠርጣሪውና መርማሪው እኩል ሲታዩ ግን ይህ ዝንባሌ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገሩ ለሕፃናትም ቅጂ ሊያስጠነቅቀን ይገባል። የልጁን ፊት ብቻ አቅርቦ የሚያሳይ ምስል ልብን ይነካል፤ ነገር ግን ከምስሉ ውጭ ያለው ሰው ራሱን ነቅንቆ፣ ፈገግ ብሎ፣ ወይም ተቆጥቶ እንደሆነ አይናገርም።

ሌላም አደጋ አለ። ተመልካች ከተበደለ ሕፃን እንባ ይጠብቃል። ቴአትርና ፊልም ይህን አስለምደውታል። እውነተኛው ሕፃን ግን ብዙ ጊዜ አያለቅስም፤ በወለሉ ላይ እየተጫወተ፣ ስለ ምሳው እያነሣ፣ ከባዱን ነገር በደረቅ ድምፅ አልፎት ይሄዳል። እንባን የእውነት መለኪያ ያደረገ ዳኛ ያላለቀሰውን ልጅ ያጣል፣ ማልቀስ የተማረውን ያምናል። መድረክን የሚያውቅ ሰው ይህን ለኅብረተሰቡ የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ እንባ እንዴት እንደሚታዘዝ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ይህ ሁሉ ግን ወደ ወረቀት እንመለስ የሚያሰኝ አይደለም። በወረቀት ላይ የሚሰፍር ቃል ከዚህ የባሰ ነው። ልጁ «አሳመመኝ» ያለውን ጸሐፊው «የድፍረት ተግባር ፈጸመብኝ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ልጁ በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ የተናገረው በሌላ ቋንቋ ይሰፍራል፤ ጥያቄው ይጠፋና መልሱ ብቻ እንደ ተራ ትረካ ይቀራል። የአምስት ዓመት ልጅ እንደ ዐቃቤ ሕግ ሲናገር በመዝገብ ላይ ማንበብ እንግዳ ነገር አይደለም። ቅጂ ከወረቀት የሚበልጠው ልጁን ስለሚያሳይ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውን፣ አስተርጓሚውንና ዝምታውን ጭምር ስለሚያስቀር ነው።

፭. «ተጠየቅ»

አሁን ወደ ተከሳሹ እንምጣ። በዚህ ዐይነት ወንጀል የተከሰሰን ሰው መብት ማንሣት ለበዳይ መወገን የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን የተከሰሰ ሁሉ በዳይ ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት ባላስፈለገ ነበር። ፊት ለፊት ተከራክሮ የመረታት ልማድም ከውጭ የተዋስነው አይደለም። በጥንቱ ሙግት «በላ ልበልሃ»፣ «ተጠየቅ» ይባባሉ የነበሩት ባላንጣዎች ያልተጠየቀ ቃል ክብደት እንደሌለው ያውቁ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጎ፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ አዟል። ሁለቱ አንቀጾች በአንድ ሰነድ ውስጥ የተቀመጡት አንዱ ሌላውን እንዲሽር አይደለም።

ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላልን? የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ያየናቸው ሁለት ጉዳዮች መልስ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በጀርመን ላይ በቀረበ አቤቱታ፣ ተከሳሹ የስምንት ዓመቷን ልጅ በማናቸውም ደረጃ ለማስጠየቅ ዕድል ሳያገኝ የተፈረደበት መሆኑ ትክክለኛ ዳኝነት የማግኘት መብቱን የጣሰ ነው ተባለ። በ2002 በስዊድን ላይ በቀረበው ጉዳይ ግን የዐሥር ዓመት ልጅ ለፖሊስ የሰጠው የተቀረጸ ቃል ዋነኛ ማስረጃ ሆኖ ሳለ መብት አልተጣሰም ተብሎ ተወሰነ፤ ጠበቃው የሚፈልጋቸውን ጥያቄዎች በመርማሪው በኩል ለልጁ ማቅረብ ችሎ ነበርና። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልጁ በችሎት መቆም አለመቆሙ አይደለም፤ የተከሳሹ ጥያቄ ለልጁ መድረስ አለመድረሱ ነው። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቋቋመችውና ሌሎች የሰሜን አውሮፓ አገሮች የተከተሉት «የልጆች ቤት» የተመሠረተውም በዚህ ላይ ነው። ልጁ ቤት በሚመስል ክፍል ከአንድ የሠለጠነ ሰው ጋር ይነጋገራል፤ የተከሳሽ ጠበቃና ሌሎች ባለጉዳዮች በሌላ ክፍል ሆነው ይከታተላሉ፣ ጥያቄያቸውንም በዚያ ሰው በኩል ያስተላልፋሉ።

እዚህም አገር ጅምሩ አለ። በአዲስ አበባ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ተስማሚ ተብለው በተቋቋሙ ችሎቶች፣ ልጁ በተለየ ክፍል ተቀምጦ፣ ቃሉ በዝግ የቴሌቪዥን መስመር ወደ ችሎቱ እየተላለፈ፣ የዳኛውና የተከራካሪዎች ጥያቄ በአገናኝ ባለሙያ አማካይነት ለልጁ በሚገባው ቋንቋ እየቀረበ እንዲሰማ ተደርጓል። ግድግዳው ልጁን ከበዳዩ ዓይን ከለለው፤ ጥያቄውን ግን አልከለከለውም። የሚቀረው እርምጃ ጊዜን ማሸነፍ ነው፤ ይህ ሁሉ ትዝታው ትኩስ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ተቀርጾ እንዲፈጸም ማድረግ።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን «አዎን» ነው፤ ግን የታሰረ «አዎን» ነው። ቅጂው የሕፃኑን ቦታ ሊይዝ የሚገባው ጠያቂውም ልጁም በምስሉ ላይ እኩል ሲታዩና ያልተቀረጸ ቅድመ ልምምድ ባልነበረበት ጊዜ ነው። የተከሳሹ ጥያቄ በጊዜው ለልጁ ደርሶ መልስ ማግኘት አለበት። ፖሊስም ቅጂውን ይዞ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም፤ ልብሱን፣ ሥፍራውን፣ ሰዓቱን፣ ሌላውን ምስክር መፈለግ አለበት። የአንድን ሰው ዕድሜ ልክ በአንድ ሕፃን ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ለተከሳሹም ግፍ ነው፣ ለሕፃኑም ግፍ ነው።

፮. ዋጋው በማን ላይ ይወድቃል?

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን ገና አልተነሣም። ልጁ በእርግጥ ተበድሎ ሳለ፣ ጠያቂው ግን ቃሉን በመሪ ጥያቄ ያበላሸው እንደሆነስ? ዳኛው ቅጂውን ቢጥለው በዳይ ነጻ ይወጣል። ባይጥለው ነገ በተመሳሳይ ቅጂ ንጹሕ ሰው ይፈረድበታል። አንዱን ጥሎ አንዱን አንጠልጥሎ መሄድ አይቻልም።

እውነትን ሳንሸሽ እንናገር ከተባለ፣ ዳኛው ቅጂውን መጣል አለበት። ነገር ግን ውሳኔው «ሕፃኑ አይታመንም» የሚል መሆን የለበትም። በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ የተረታው ሕፃኑ አይደለም፤ የተረታው ቃሉን የመቀበል አደራ የተሰጠው ዐዋቂ ነው። ፍርዱም ይህንኑ በግልጽ ቃል መናገር ይገባዋል። ልጁ አድጎ መዝገቡን አንድ ቀን ቢያነብ፣ ዋሾ ተብሎ ሳይሆን ዐዋቂዎች አደራውን እንዳጎደሉበት ተጽፎ ሊያገኘው ይገባል። ይህ ጥቂት ነገር ይመስላል፤ ቃሉ ላልታመነለት ሰው ግን ጥቂት አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ግዴታ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ርቆ ይጀምራል። ልጅ ደብተሩን ዘግቶ አንድ ነገር ሹክ ሲለው፣ የመምህሩ ሥራ መርማሪ መሆን አይደለም። «እሺ፣ ንገረኝ» ብሎ መስማት፣ ልጁ ያለውን በራሱ በልጁ ቃል ወዲያው መጻፍ፣ ከዚያም «ማን ነው? እገሌ ነው አይደል?» ሳይል ለሚመለከተው ማስተላለፍ ነው። ስምን ከልጁ አስቀድሞ የጠራ አንደበት መዝገቡን ገና ሳይከፈት ዘግቶታል። በሕዝብ ኀላፊነት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ነገሩ በሽምግልና፣ በካሣ ወይም በጋብቻ እንዲሸፈን ለሚመጣ ጉባኤ ወንበር ማቅረብ የለበትም፤ በዚያ ሸንጎ ላይ ሁሉም ሰው ይናገራል፣ ልጁ ብቻ አይናገርም። የድሃ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ ሆና ከገጠር የመጣች ልጅ፣ በጎዳና ላይ የምታድር ልጅ ቃሏ ቀድሞ የሚሸጠው በእንዲህ ያለው ጓዳ ነው። የኪነ ጥበብ ሰውም ቢሆን፣ ተመልካችን ለማስለቀስ ሲል እውነተኛ ልጅን በካሜራ ፊት ቁስሉን እንዲያስነብብ ከማድረግ ይታቀብ። ለችሎት የተሰጠ ቃል አደራ ነው፤ ለአደባባይ የተወረወረ ቃል ግን ከእንግዲህ ማስረጃም፣ የልጁም ንብረት አይደለም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሕፃን እውነት ግን በዚህ አይመራም፤ እያደር ይደፈርሳል። ስለሆነም በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ጥያቄ መያዝ አለበት። መቅረጫው ያን ቀን ሊያቆይልን ይችላል፤ ያን ቀን ጥሩ ሊያደርገው ግን አይችልም። ይህ የጠያቂው ሥራ ነው። በችሎቱ ስክሪን ላይ የሕፃኑ ፊት ሲበራ፣ ዳኛው አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው ከጎኑ የተቀመጠውን ዐዋቂ ነው፤ ምን ጠየቀ? እንዴት ጠየቀ? ልጁ ዝም ሲልስ ዝምታውን መሸከም ቻለ ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ባገኙበት መዝገብ ላይ የሕፃን ቃል ከማንም ቃል እኩል ይከብዳል።